ዳሪየን ጫካ ውስጥ የተሰበሩት ዲፈረንሺያሎች፦ የአንድ ረጅም ጉዞ የክብደት ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1972 የመጀመሪያ ወራት፣ በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል በተዘረጋው የዳሪየን ጫካ ውስጥ፣ ከፋብሪካ ከወጡ ብዙ ያልቆዩ ሁለት ሬንጅ ሮቨሮች ጭቃ ላይ ቆመው ቀሩ። ሞተሩ ይነሣል፣ ካምቢዮው ማርሽ ይቀበላል፣ ኃይሉ ግን ከኋላ ጎማዎች አይደርስም፤ የኋላ ዲፈረንሺያሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርሶች ስብስብ፣ ተሰብሯል። ነገሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደርስ የፋብሪካ ጉድለት ወይም የሹፌር ጥፋት ተብሎ ይታለፍ ነበር። እሱ ግን ተደጋገመ። እንግሊዝ አገር ካለው ፋብሪካ መሐንዲስ በአውሮፕላን እስከማስመጣት ተደረሰ፤ ከምርመራው የወጣው መልስም ክብደት ሆነ። መኪኖቹ ከልክ በላይ ተጭነዋል፣ በዚያ ላይ ትልልቅ የረግረግ ጎማ ተገጥሞላቸዋል።

«ከልክ በላይ» ሲባል የትኛው ልክ ነው? አንድ መኪና ብዙ ልኮች አሉት። የጠቅላላ ክብደቱ ልክ አለ፣ የእያንዳንዱ አክስል ልክ አለ፣ የጎማው አለ፣ የጣሪያው አለ። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ መኪናው ላይ በሚለጠፍ በየትኛውም መለያ የማይጻፍ አለ፤ ኃይል ከሞተር ወደ ጎማ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ያለው የጥርሱና የዘንጉ አቅም። ሰው መኪናውን ለረጅም ጉዞ ሲያዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መኪናው የሚሰበረው ግን ቀድሞ ባለቀው ልክ ላይ ነው። የዳሪየኑ ታሪክ ይህን ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ስለሚያሳይ ከነዝርዝሩ ማየቱ ይጠቅማል።

ጉዞው የብሪታንያ ትራንስ አሜሪካስ ዘመቻ ይባል ነበር። ዓላማው ከአላስካ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ በመኪና መድረስ ነው። መሪው በወቅቱ ሻለቃ የነበሩት ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል ናቸው፤ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ። እኚህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ መጥተው የታላቁ ዓባይን ጉዞ የመሩት፣ በጎማ ጀልባ በዓባይ ሸለቆ የወረዱት እሳቸው ናቸው። የዓባዩን ጉዞ የሚያውቅ አንባቢ የዳሪየኑን አሠራር ወዲያው ይለየዋል፤ ብዙ ሰው፣ ብዙ ዕቃ፣ ወታደራዊ ስንቅና ትጥቅ፣ የጎማ ጀልባ። በወንዝ ላይ የከበደ ጀልባ ሰምጦ ቁርጡን ወዲያው ያሳውቃል። መኪና ግን ከልኩ በላይ ተጭኖም ሳምንታት ሊጓዝ ይችላል፤ ሒሳቡን የሚያወራርደው ዘግይቶ ነው።

ሁለቱ መኪኖች ታኅሣሥ 1971 ከአንከሬጅ ተነሡ። በካናዳ በረዶ ላይ አንደኛው ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ ተጠገነና ቀጠለ። ከዚያ በኋላ እስከ ፓናማ የተሠራ መንገድ ስለነበረ ብዙ የሚነገርለት የለም። የሚነገረው ከጥር 1972 ጀምሮ ያለው ነው። የፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና በዚያን ጊዜ ከፓናማ ከተማ በስተ ምሥራቅ ካኒታ ድረስ ሄዶ ያበቃ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ ኮሎምቢያ መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ጫካ፣ ገደል፣ ወንዝና በመጨረሻም የአትራቶ ረግረግ ይጠብቃል። ይህን ለማለፍ መቶ ቀን ገደማ ፈጀባቸው። በቀን በአማካይ አራት ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው።

መኪናውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሬንጅ ሮቨር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሞተሩ ከአሉሚኒየም የተሠራ 3.5 ሊትር ቪ8 ነው፤ አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ ኃይል ያገኛሉ፤ በአራቱም በኩል የዲስክ ፍሬን አለው። ከሁሉም በላይ ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራራቢ ጠፍጣፋ ብረት፣ የለውም፤ የተሠራው በተጠማዘዘ ሞላ ላይ ነው። በዘመኑ ለነበረ የገጠር መኪና ይህ ሁሉ ቅንጦት ነበር። ሞላው ለስላሳና ረጅም ስለነበር ጎማው ከመሬት ሳይለይ ጉድጓዱን ይከተላል። ለስላሳ ሞላ ግን ሲጫን ይጎብጣል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ የኋላውን አክስል ከፍታ ራሱ የሚያስተካክል ድጋፍ ጨመሩበት። መኪናው ሲጫን ድጋፉ በጉዞው ንዝረት ራሱን እየነፋ ጀርባውን ወደ ነበረበት ከፍታ ይመልሰዋል።

እኔ የዚህ ጉዳይ እሾህ እዚህ ጋር የተደበቀ ይመስለኛል። ባሌስትራ ያለው አሮጌ መኪና ከልኩ በላይ ሲጫን ጀርባው ይወርዳል፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል፣ ሌሊት መብራቱ የዛፍ ጫፍ ያበራል። ሹፌሩ ሚዛን ባይኖረውም በዓይኑ ያውቃል። ጀርባውን ራሱ የሚያቀና መኪና ግን ይህን ምልክት ያጠፋዋል። ዛሬም በየጋራዡ የሚሠራው ይኸው ነው። መኪናው በጭነት ሲጎብጥ ጠንከር ያለ ሞላ ወይም የአየር ከረጢት ይገጠምለታል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ባለቤቱ «አሁን ይችላል» ብሎ ደስ ይለዋል። የተለወጠው ቁመናው ብቻ ነው። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ሻንሲው፣ ፍሬኑና ዲፈረንሺያሉ የትናንቱ ናቸው።

አሁን ጭነቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ለዘመቻው መኪኖች ዊንች (የተያዘ መኪናን በገመድ የሚጎትት መሣሪያ)፣ የፊት መከላከያ ብረት፣ ፖርቶመጋላ፣ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ፣ ገደል ለመሻገሪያ የአሉሚኒየም መሰላል፣ መሣሪያና መለዋወጫ ተጨምሮላቸዋል። የእያንዳንዳቸውን ኪሎ እየቆጠርሁ አልናገርም። ነገር ግን ዛሬ ተመሳሳይ መኪና የሚያዘጋጅ ሰው የሚገጥመውን ድምር በግምት ማውጣት ይቻላል፤ ፋብሪካው 700 ኪሎ እንዲጭን የፈቀደለት መኪና እንውሰድ። ሦስት ሰው በ75 ኪሎ ሒሳብ 225 ነው። ሰማንያ ሊትር ውኃ ሰማንያ ኪሎ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ቤንዚን በሊትር ከሦስት ሩብ ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ ሃያ ሊትሩ ከብረት ጀሪካኑ ጋር 19 ኪሎ ቢሆን አራት ጀሪካን 76 ይመጣል። ፖርቶመጋላና በላዩ ላይ የሚዘረጋው ድንኳን 100 ኪሎ፣ ሁለተኛ ስኮርታ ጎማ 35፣ የፊት መከላከያ ከዊንቹ ጋር 90፣ የኋላ መከላከያ 60፣ መሣሪያ 50፣ ማቀዝቀዣና ተጨማሪ ባትሪ 60። ድምሩ 776 ኪሎ ነው። ገና ምግብ፣ ልብስና ማብሰያ አልገባም፤ ልኩ ግን በ76 ኪሎ ታልፏል። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱም ቅንጦት አይመስልም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ከልክ ያለፈ መኪና የሚሠራው በአንድ ትልቅ ስህተት ሳይሆን በብዙ ትንንሽ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ይህ ግን ገና ጠቅላላው ነው። የዳሪየኑ ዲፈረንሺያል የኋላው ነበርና ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ማየት አለብን። ሬንጅ ሮቨሩ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 100 ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሜትር ነው። ከኋላው አክስል 60 ሴንቲ ሜትር አልፎ፣ በኋላው በር አካባቢ፣ 200 ኪሎ ዕቃ ብታስቀምጡ የኋላው አክስል የሚሸከመው 200 አይደለም፤ 247 ኪሎ ነው። ትርፉ 47 ኪሎ ከየት መጣ? ከፊት። ዕቃው ከአክስሉ ወዲያ ስለተንጠለጠለ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሣል፤ የፊቱ አክስል በ47 ኪሎ ይቀልለታል። ሚዛን ላይ የወጣው ጠቅላላ ክብደት ከፋብሪካው ልክ በታች ሆኖ ሳለ የኋላው አክስል ብቻውን ልኩን ሊያልፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የፊት ጎማዎች ሲቀሉ ደግሞ መሬት የመቆንጠጥ አቅማቸው ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ ክብደቱ ይብሱን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መኪናውን የሚገፋው ሥራ ሁሉ ወደ ኋላ ዲፈረንሺያል ይዞራል። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና በስም እንጂ በግብር የሁለት ጎማ መኪና ይሆናል።

እስካሁን የተናገርሁት ማንኛውም ጥሩ መካኒክ የሚያውቀው ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ሲነሣ አልሰማም። ጎማ መንሸራተቱ ለዲፈረንሺያል እንደ ፊውዝ ነው። ዝቅተኛው ማርሽ የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል ከአርባ ጊዜ በላይ ያባዛዋል፤ ይህ ሁሉ ኃይል በአንድ አክስል ላይ ቢወርድ ብዙ ዲፈረንሺያል አይችለውም። የሚያድነው ጎማው ነው። ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ ጎማው ይንሸራተታል፣ ኃይሉ በጭቃው ላይ ይባክናል፣ ጥርሱ ይተርፋል። ጎማው እስከ የት ድረስ ሳይንሸራተት እንደሚቆይ የሚወስኑት ደግሞ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በላዩ ያለው ክብደት፣ የመሬቱ ሻካራነት፣ እንዲሁም የጎማው ቁመት (ስፋቱ አይደለም)፣ ማለትም ከመሬት እስከ አክስሉ መሐል ያለው ርቀት።

በቁጥር ላስቀምጠው፤ ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው። የኋላው አክስል 1,200 ኪሎ ተሸክሞ፣ ከመሬት እስከ መሐሉ 37 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ይዞ፣ በደረቅ ድንጋያማ መሬት ላይ ቢቆም ጎማው የሚንሸራተተው የመጠምዘዙ ኃይል 3,500 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። ጭነቱ ወደ 1,800 ኪሎ ሲያድግ ያው ጎማ እስከ 5,200 ድረስ አይለቅም። አሁን ጎማውን ቀይረን 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ጎማ እናድርግለት፤ 6,350 ደረሰ። በመኪናው ዲፈረንሺያል ላይ ምንም አልተጨመረም፣ የሚያልፍበት ኃይል ግን ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ፊውዙን አውጥቶ በቦታው ሚስማር እንደ መክተት ነው። የዳሪየኑ መኪኖች ያደረጉት በትክክል ይህንን ነበር፤ በአንድ በኩል ጭነት፣ በሌላ በኩል የረግረግ ጎማ።

የረግረግ ጎማው ሌላም ጠባይ አለው። ነፋሱ ቀንሶ ሲለሰልስ ጎኑ እንደ ላስቲክ ይጠመዘዛል። መኪናው ግንድ ወይም ሥር ላይ ሲያዝ ጎማው ኃይሉን በጎኑ ያጠራቅማል፣ ድንገት ሲለቅ ወይም ሲንሸራተት ቆይቶ ድንገት ሲቆነጥጥ ያ ሁሉ በምት መልክ ወደ ጥርሱ ይመለሳል። ብረት ቀስ ብሎ የመጣበትን ትልቅ ኃይል ሊችል ይችላል፤ በምት የመጣውን ግማሹን ላይችል ይችላል። በዳሪየን ጭቃው፣ ሥሩና ግንዱ ተራ በተራ ስለሚመጡ ለዲፈረንሺያል ከዚህ የከፋ መሬት አይገኝም።

ታዲያ ምን አደረጉ? መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ጉዞው ቆመ። በዚህ መሐል ነው ለእኔ የታሪኩ ምርጥ ክፍል የሆነው ነገር የመጣው። እዚያው ፓናማ ውስጥ አንድ ያገለገለ ላንድሮቨር ገዙ፤ መንገድ ፈላጊ የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተው ከፊት አሰለፉት። ቪ8 የለውም፣ ሞላ የለውም፣ ምቾት የለውም፤ የአዲሶቹን ጭነትም አልተሸከመም። ቀለል ብሎ ጫካውን ከሚመነጥሩት ሰዎች ጋር ወደ ፊት ሄዶ ለሬንጅ ሮቨሮቹ መንገድ ከፈተ። የማስታወቂያው ታሪክ ሬንጅ ሮቨር ዳሪየንን ማለፉን ይናገራል፣ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ከፊት ከፊቱ አንድ አሮጌ ዘመዱ እየሄደ፣ ጭነቱን ፈረሶች እየተሸከሙ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች በቆንጨራ እየመነጠሩ፣ ወንዙን ደግሞ በአየር በተነፋ ታንኳ ላይ ተጭኖ እየተሻገረ ነው ያለፈው። ይህ የመኪናውን ክብር የሚቀንስ አይመስለኝም። ማንኛውም መኪና በዚያ ጫካ የሚያልፈው ሌላው ሲሸከምለት ነው።

ከእነሱ በፊትና በኋላ የሞከሩትን ስናይ ነገሩ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ ላንድሮቨርና አንድ ጂፕ ከፓናማ ወደ ኮሎምቢያ በ136 ቀን አልፈዋል። በ1961 ሦስት ሼቭሮሌ ኮርቬይር የቤት መኪኖች ከደጋፊ መኪኖች ጋር ሞክረው ሁለቱ ኮሎምቢያ ድንበር ሲደርሱ አንደኛው ጫካ ውስጥ ተትቶ ቀረ። ሞተሩ ከኋላ የሆነና ለከተማ የተሠራ መኪና እዚያ ድረስ መሄዱ ራሱ ያስገርማል። ከ1985 እስከ 1987 ደግሞ ሎረን አፕተን የተባለ አሜሪካዊ በትንሽ ጂፕ ሲጄ-5 ምንም ወንዝ በጀልባ ሳይሻገር ሙሉውን በመሬት አልፏል፤ 741 ቀን ፈጅቶበታል። እነዚህን ለማወዳደር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዓላማቸውም ድጋፋቸውም ይለያያል። ሆኖም የአፕተንን ጂፕ ያየ ሰው ትንሽ መኪናም ዋጋውን በቀን ከፍሎ እንደሚያልፍ ይረዳል።

ለዘመቻው ፍትሐዊ ለመሆን፣ የጫኑት ሁሉ ከንቱ አልነበረም። መሰላሉ ባይኖር ገደሉን አያልፉም ነበር፤ ዊንቹ ባይኖር ከጭቃው አይወጡም ነበር። ጥያቄው መሰላሉ ለምን ተጫነ የሚለው አይደለም፤ መሰላሉ ከተጫነ ለምን ሌላው አልወረደም ነው። ፈረስ የሚሸከመው ዕቃ ፈረስ ካለ መኪና ላይ ቦታ የለውም። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ከሁሉ በፊት የማወርደው የረግረግ ጎማውን ነበር፤ ክብደቱ በሞላ ላይ ሳያርፍ በቀጥታ በአክስሉ ላይ የሚንጠለጠል፣ የመጠምዘዙን ኃይል የሚያሳድግ፣ በዚያ ላይ ጥቅሙ አትራቶ ረግረግ እስኪደረስ የማይታይ ዕቃ ነው።

ዛሬ መኪና የሚያዘጋጅ ሰው ከዚያ ዘመን የተሻለ መረጃ በእጁ አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚኖር አንባቢ የሹፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቢያይ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ኪሎ እንዳይበልጥ ተጽፎ ያገኘዋል፤ አጠገቡ ባለው ሌላ መለያ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ አክስል ልክ አለ። ጎማው ጎን ላይም የሚችለው ክብደት ታትሟል። አውሮፓ ውስጥ ላለው አንባቢ ሌላ መስመር ይጨመርበታል፤ ተራው የቢ መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 3,500 ኪሎ የሆነ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአውሮፓ ፓርላማ ያጸደቀው አዲስ መመሪያ ይህን ለመኝታ መኪኖች ወደ 4,250 ኪሎ ከፍ ያደርገዋል። የሕጉ ቁጥር ማደጉ ጥሩ ነው፤ የአክስሉ ብረት ግን ፓርላማ አይሰማም። ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ የሚጨምር ሰው መጀመሪያ መኪናው ራሱ ለዚያ ክብደት መሠራቱን ከተለጠፈበት መለያ ማረጋገጥ አለበት።

ጣሪያውም ራሱን የቻለ ልክ አለው፤ ብዙ ጊዜ ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ፣ የቆመ መኪናና የሚሄድ መኪና ደግሞ የሚችሉት እኩል አይደለም። ወደ ዳሎል ወይም ወደ ኦሞ የሚወርዱ ላንድክሩዘሮች ፖርቶመጋላቸው ላይ ጀሪካን፣ ፍራሽ፣ ጋዝና ማገዶ ከምረው ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ቶዮታው ይችላል ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ይችላል። ግን ሁለት ሜትር ያህል ከመሬት የራቀ ክብደት በኮርባ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሹፌሮቹ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ውኃውን ወለል ላይ፣ ፍራሹን ጣሪያ ላይ የሚያደርጉት።

መመዘኛው ቀላል ነው። መኪናው ለጉዞ እንደሚሄድ ሆኖ፣ ታንኩ ሞልቶ፣ ውኃው ተቀድቶ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው ወደ ጭነት መኪና ሚዛን ይወሰዳል። መጀመሪያ የፊት ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ይወጣሉ፣ ቀጥሎ መኪናው ሙሉ በሙሉ፣ በመጨረሻ የኋላዎቹ ብቻ። ሦስቱ ቁጥሮች መለያው ላይ ከተጻፉት ልኮች ጋር ይነጻጸራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስደነግጠው ሦስተኛው ነው፤ የኋላው መከላከያ ላይ ሁለተኛ የጀሪካን መያዣ ይበየድ ወይስ አይበየድ የሚለውም መወሰን ያለበት እሱን አይቶ ነው።